ተማሪዎች የስፖርት ዘገባ እንደ ባለሙያ (ፅሁፍ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ) እንዲሰሩ እንዴት ነው ምናሰለጥናቸው?

መምህር_ከክፍለሀገር

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ አንድ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት አስተምራለሁ፣ በሚመጣው ሴሚስተር ለሶስተኛ ዓመት ተማሪዎች የስፖርት ጋዜጠኝነት እንዳስተምር ተመድቤያለሁ እና ካሁኑ ልዘጋጅ ብዬ ነው። ኮርሱ እንደተቀረፀው ከሄድን ቲዎሪ ነው የበዛበት፣ የስፖርት ጋዜጠኝነት ትርጉም፣ ታሪኩ፣ አይነቶቹ ምናምን። እኔ ግን ልጆቹ ሲመረቁ እጃቸው ላይ ስራ ይዘው እንዲወጡ ነው ምፈልገው፣ አንድ ኤዲተር አይቶ «እውነት ይሄን ተማሪ ነው የሰራው?» ብሎ ሚጠይቅበት አይነት ስራ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ልጆቹ ስፖርት ይወዳሉ፣ ፍላጎት ሞልቷል። ግን አሳይመንት ሲሰጣቸው ግማሹ ክፍል ስለ አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ነው ሚፅፈው፣ እሱንም ከእንግሊዝኛ ሳይት በትራንስሌት ገልብጦ። ከግቢው በር ወጣ ቢሉ የከተማው ክለብ ልምምድ ይሰራል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አስፋልቱን ይዘው ሚሮጡ ልጆች አሉ፣ ግን ጠጋ ብሎ ስምሽ ማነው፣ የማን ክለብ ነሽ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አላየሁም። ይሄ ያንገበግበኛል እውነቴን ነው።

እቃ በተመለከተ ዲፓርትመንቱ ሁለት ካሜራ አለው፣ አንዱ ባትሪ አይዝም። ተማሪዎቹ ግን ሁሉም ስልክ አላቸው፣ ቴክኖም ኢንፊኒክስም ሳምሰንግም። ኢንተርኔት ግቢ ውስጥ ማታ ማታ ይሻላል።

እና ጥያቄዬ፣ በአንድ ሴሚስተር ከምን ጀምሬ ወዴት ልውሰዳቸው? የሊግ ጨዋታ ቀርፀው ዩቲዩብ ላይ ቢጭኑ በህግ ያስጠይቃል ወይ? በስልክ ብቻ ደህና ስራ ይወጣል? ውጤት አሰጣጡስ እንዴት ቢሆን ይሻላል? በስራው ላይ ያላችሁ ሰዎች ሳትሰስቱ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

ዴስክ_አዳሪ

መምህር ጥያቄህ በጣም ደስ ይላል፣ እኛ ጋ ለአፓረንት (ለስራ ላይ ልምምድ) ሚመጡትን ልጆች ሳያቸው ሚጎድላቸው ካሜራ አደለም፣ ማስታወሻ አያያዝ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ አሲዤ ሜዳ ነበር ምወስዳቸው። የዲፓርትመንቶች ጨዋታ ይበቃል፣ ፕሪሚየር ሊግ መሆን የለበትም።

ማስታወሻው እንዴት እንደሚያዝ ላሳይህ። ገፁ ለሁለት ይከፈላል፣ ግራው ለአንዱ ቡድን ቀኙ ለሌላው፣ ደቂቃ መጀመሪያ ይፃፋል። ለምሳሌ «23 — 7 ከቀኝ አሻገረ — 9 በግንባር — ቋሚ መለሰው — 4 አወጣ»። በቃ ይሄ ነው። ስም ሳይሆን ቁጥር ይፃፋል፣ ስሙ ኋላ ከአሰላለፉ ላይ ይመጣል። ከጎኑ ደግሞ ኳስ ያልሆነ ነገር ማስፈር አለባቸው፣ አሰልጣኙ መቼ ተነስቶ ጮኸ፣ ተቀያሪው ማሟሟቅ መቼ ጀመረ፣ ደጋፊው በስንተኛው ደቂቃ ዝም አለ። ጥሩ ዘገባ ከዛ ነው ሚወጣው።

አሰላለፉን ከፌስቡክ አይውሰዱ። ከጨዋታው ኮሚሽነር ወይ ከቡድን መሪው ወረቀቱን ጠይቀው በስልክ ፎቶ ያንሱት፣ ከዛ ሄደው የልጁን ስም ከነአባቱ አረጋግጠው ይፃፉ። አንድ ተጫዋች በሶስት ሚዲያ ሶስት አይነት ስም ተፅፎ ይወጣል እኮ፣ ለልጁና ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

ከዛ ሰዓት። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ከነፋ በ15 ደቂቃ ውስጥ አራት አንቀፅ መላክ አለባቸው፣ ለአንተ በቴሌግራም። መጀመሪያ አካባቢ ይጨናነቃሉ፣ ግዴለም። ቀስ በቀስ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሆነው መፃፍ ይጀምራሉ፣ 75ኛው ደቂቃ ላይ መግቢያው ተፅፎ ያልቅና ጎል ከገባ ይቀየራል። የዴስክ ስራ ማለት እሱ ነው።

ሌላ ሁሌ ሚያጣላን ነገር ሰዓትና ዓመተ ምህረት ነው። ጨዋታው 10 ሰዓት ነው ሲባል በዲኤስቲቪው 16:00 ይላል፣ ውድድሩ የ2013 ነው ሲባል በውጪው 2020/21 ነው፣ ፋሲል ከነማ ዋንጫ የበላበት ዓመት ማለት ነው። ተማሪው በአንድ ፅሁፍ ውስጥ ሁለቱን ከደባለቀ አንባቢው ይጠፋበታል። ከመጀመሪያው ቀን አንዱን መርጣችሁ ህግ አድርጉት።

ለድምፅ ደግሞ አንድ ልምምድ ልጠቁምህ። የ1980ው የሴካፋ (የምስራቅና መካከለኛው አፍሪካ ሀገራት) ዋንጫ ፍፃሜ፣ ዚምባብዌን አዲስ አበባ ላይ በፍፁም ቅጣት ምት ያሸነፍንበት፣ የስፖርት ጋዜጠኛው ደምሴ ዳምጤ ድምፅ እስካሁን ይገኛል። ምስል ሳታሳይ ድምፁን ብቻ አሰማቸው። ኳሱ የት እንዳለ፣ ማን እንደያዘው፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳያዩ ገብቷቸው እንደሆነ ጠይቃቸው። ከዛ እነሱ ራሳቸው የግቢውን ጨዋታ ለ10 ደቂቃ በስልክ እየቀዱ ያስተላልፉ። ምስል ያለ መስሎት «አየሃት ያቺን?» ሚል ልጅ ወዲያው ይታወቃል።

---

ሌንስ_ፒያሳ

ዴስክ አዳሪ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሳምንታት ሙሉ ካሜራ አይንኩ በሚለው አልስማማም። የዛሬ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ስልኩን ካልያዘ ይሰለቻል፣ ደግሞም አሁን የትኛውም ሚዲያ ሪፖርተር ብቻ ብሎ አይቀጥርም፣ ፃፍም ቅረፅም ኤዲት አድርግም ነው ሚለው። ደብተሩና ስልኩ አንድ ላይ ቢጀመሩ ይሻላል ባይ ነኝ።

መምህር በስልክ ይሰራል ወይ ላልከው፣ ይሰራል፣ በደንብ። ግን ማድረግ ያለባቸውን ልንገርህ፣ በየቀኑ ማየው ነገር ስለሆነ።

መቅረፅ ከመጀመራቸው በፊት ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይሁን፣ አለበለዚያ ወሳኙ ሰዓት ላይ ሰው ይደውልና ቀረፃው ይቋረጣል። ሌንሱን በንፁህ ጨርቅ ይጥረጉት፣ ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ ሁሌም ቅባት አለው፣ ፀሀይ ሲመታው ምስሉ ጭጋግ ይሆናል። ዙም አያድርጉ፣ በእግር ይጠጉ። የቪዲዮው ጥራት 1080 ይበቃል፣ ፎርኬ (4K) ለስቶሬጅም ለኤዲቲንግም ጣጣ ነው። ለዩቲዩብ ነው ለቲክቶክ የሚለው ሳይቀረፅ በፊት ይወሰን፣ ስልኩ በጎን ወይ በቁም ሚያዘው በሱ ነው፣ በቁም የተቀረፀን ኋላ በጎን ማድረግ አይሆንም። አዳራሽ ውስጥ ቮሊቦል ወይ ቅርጫት ኳስ ከሆነ ደግሞ መብራቱ ምስሉን እንዳያርገበግበው ፕሮ ሞድ ያለው ስልክ ላይ ሹተሩን (ካሜራው ብርሃን ሚያስገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይ 1/100 ሰከንድ ያድርጉት። ሜዳ ላይ ፎቶ ሲሆን ተቃራኒው ነው፣ የሚሮጥ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቀር 1/1000 እና ከዛ የፈጠነ፣ ፀሀይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ።

አቋቋም። ብዙዎቹ መሀል ሜዳ ትይዩ ቆመው ኳሱን ይከተላሉ፣ ከዛ ሚወጣው ትንንሽ ሰው ነው። ከማዕዘኑ ባንዲራ ጀርባ ይቁሙ፣ አጥቂው ወደ እነሱ ፊቱን ይዞ ይመጣል። ጎል ሲገባ ኳሱን ትተው ሰውን ይቅረፁ፣ ያስቆጠረውን፣ የገባበትን ግብ ጠባቂ፣ አሰልጣኙን፣ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን ልጅ። እያንዳንዱን ምስል ሳያንቀሳቅሱ 10 ሰከንድ ይያዙት። ራቅ ያለ፣ መካከለኛ፣ ቅርብ፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር። ጫማ ሲያስር የነበረው እጅ ኤዲቲንግ ላይ ስትሆን ነው ዋጋው ሚገባህ፣ ያ ከሌለ ሁለት ቃለ መጠይቅ እንኳን ማገናኘት አትችልም።

ድምፅ ከምስል ይበልጣል። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ሰው ያያል፣ ድምፁ ካልተሰማ ግን ወዲያው ይወጣል። ደረት ላይ ሚለጠፈው ባለ ገመድ ማይክ ውድ አይደለም፣ ዲፓርትመንቱ ጥቂት ይግዛ። እሱም ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ተናጋሪው ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቅዳ፣ ኤዲቲንግ ላይ ይገጣጠማል። የስታዲየሙን ድምፅ ደግሞ ማንም ሳያወራ አንድ ደቂቃ ለብቻ ይቅዱ፣ ከስር ሲገባ ቪዲዮው ህይወት ይዘራል።

ኤዲቲንግ ካፕከት ለስልክ ይበቃል፣ ኮምፒውተሩ ጠንካራ ከሆነ ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ አለ፣ ለድምፅ ኦዳሲቲ። አማርኛ ፅሁፍ ስታስገቡ ፊደሉ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፎንቱ ግዕዝ ስለማይደግፍ ነው፣ ኖቶ ኢትዮፒክ ወይ አቢሲኒካ አውርዳችሁ አስገቡ። ከቪዲዮው ስር ሚገባው ፅሁፍ ከሁለት መስመር አይብለጥ።

ህጉን በተመለከተ፣ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ከ2013 የውድድር ዓመት ጀምሮ በሱፐርስፖርት መተላለፍ ሲጀምሩ ነገሩ ተለወጠ፣ የጨዋታ ምስል ባለቤት አለው፣ የማስተላለፍ መብት ተገዝቶ ነው። ልጆቹ ከቲቪ ቀድተው ጎል ቢለጥፉ ዩቲዩብ ስትራይክ (የቅጣት ማስጠንቀቂያ) ይሰጣቸዋል፣ ሶስት ስትራይክ በ90 ቀን ውስጥ ከተጠራቀመ ቻናሉ ይዘጋል። ሜዳ ገብተው ራሳቸው ቢቀርፁም የጨዋታው ሰዓት ላይ ያለ ፈቃድ አይሆንም። የቀረው ግን ሁሉ የነሱ ነው፣ ከጨዋታ በፊት፣ ከጨዋታ በኋላ፣ ደጋፊው፣ ልምምዱ፣ ማሊያ ሚያጥበው ሰውዬ፣ ሜዳውን ሚያጠጣው። እነዚህ ላይ ማንም አይከለክላቸውም፣ ማንም ደግሞ አይሰራቸውም። ሙዚቃም እንደዛው ነው፣ የአርቲስት ዘፈን ከስር አያስገቡ።

---

ሰንዳፋ_ማለዳ

ሁላችሁም ኳስ ኳስ አላችሁ እኮ። እኔ አትሌቲክስ ነው ምሰራው እና መምህር ከልቤ ነው ምለምንህ፣ ልጆቹን ወደ አትሌቲክስ ውሰዳቸው። ስለ አርሰናል የለንደን ጋዜጠኛ እያለ የናንተ ተማሪ ምን አዲስ ነገር ይነግረናል? ስለ ሯጮቻችን ግን የውጪ ጋዜጠኛ በአውሮፕላን ተሳፍሮ በቆጂ ድረስ ይመጣል፣ የደራርቱን የቀነኒሳን የጥሩነሽን ሀገር ለማየት። የእናንተ ልጆች እዛው ናቸው፣ ቋንቋውን ያውቃሉ፣ ቡናውን አብረው ይጠጣሉ።

መጀመሪያ ቁጥር ማንበብ አስተምራቸው። ሲድኒ 2000 ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን ውጤት ስጣቸው፣ ኃይሌ 27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው፣ ከ25 ዙር በኋላ። ያንን ውድድር በተማሪ ደብተር ላይ «በጠባብ ልዩነት አሸነፈ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፣ ግን ቴርጋት መቼ ወጣ፣ ኃይሌ መቼ ደረሰበት፣ የመጨረሻው ዙር ምን ይመስል ነበር ብሎ ቪዲዮውን እያቆመ እየመለሰ ያየ ልጅ ሌላ ነገር ይፅፋል። ይህን ልምምድ እኔ በተለያየ ቦታ ለወጣቶች ሰጥቼ አይቻለሁ፣ አንድም ሰው ሳይደነቅ አይቀርም።

ሁለተኛ ጥያቄ አወጣጥ። ትዕግስት አሰፋን ውሰዱ። በርሊን 2023 ላይ 2:11:53 ስትሮጥ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን ነበር፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዛው በርሊን 2:15:37 ሮጣለች። እሺ፣ ይሄን ሁሉም ይፅፈዋል። ግን ይቺ ልጅ ሪዮ 2016 ላይ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነው! ከ800 ወደ ማራቶን። ይህን የማያውቅ ጋዜጠኛ «ምን ተሰማሽ?» ይላታል፣ ሚያውቅ ግን «የ800 ሜትር ልምምድሽ ውስጥ ማራቶን ላይ እስካሁን የጠቀመሽ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም እንደ ጥያቄው ነው። ስለዚህ ተማሪው ማይክ ከመያዙ በፊት የአትሌቷን ገፅ የዓለም አትሌቲክስ ሳይት ላይ ገብቶ ያንብብ፣ ሁሉም ሰዓቷ ከነቀኑ አለ። ክብረ ወሰን ብሎ ከመፃፉ በፊትም እዛው በዕለቱ ያረጋግጥ፣ ምክንያቱም የትዕግስት ሰዓት ራሱ በዓመቱ ቺካጎ ላይ ተሻሽሏል።

ሶስተኛው ነገር ለኔ ትልቁ ነው። ከአትሌቶቻችን ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፣ ትግርኛም አለ። ጋዜጠኛው አማርኛ ካላወራችሁ ብሎ ሲያስጨንቃቸው ሁለት ቃል ተናግረው ይሄዳሉ፣ ከዛ «አትሌቶች ማውራት አይችሉም» ይባላል። ውሸት ነው። በቋንቋዋ ስትጠየቅ አንዷ ልጅ ከልምምድ በኋላ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ ጫማዋን እያወለቀች ስለ አባቷ፣ ስለ መጀመሪያው ጫማዋ፣ ማናጀሯ ስለያዘው ውል ሳታቋርጥ ስታወራ ሰምቻለሁ፣ ከሷ ጋር ሲያወራ የነበረው ደግሞ ተማሪ ነው። ክፍልህ ውስጥ ከየቦታው የመጡ ልጆች አሉ አይደል? በቋንቋ አደራጃቸው፣ በኦሮምኛ ይጠይቁ፣ በአማርኛ ከስር ይፅፉ። ይሄን ሚሰራ ትልቅ ሚዲያ እንኳን ጥቂት ነው።

ጥንቃቄም አለ። ልምምድ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፣ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ አሰልጣኙም ወላጅም ሳይፈቅድ ፊታቸውን ቀርፆ መልቀቅ አይገባም። በልምምድ መሀልም አያቋርጧቸው፣ ሰዓት እየተያዘባቸው ነው። የአበረታች ቅመም ወሬ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ብዙ ነው፣ ተማሪው የሰማውን ስም ጠርቶ እንዳይፅፍ ከመጀመሪያው ይነገረው። የአትሌቲክስ ኢንተግሪቲ ዩኒት (የዓለም አትሌቲክስን የአበረታች ቅመም ጉዳይ ሚመረምረው አካል) ወይ የሀገራችን የፀረ አበረታች ቅመም ባለስልጣን ውሳኔውን በይፋ ካወጣ ያን ጊዜ ይፃፋል፣ ከዛ በፊት የሰው ህይወት ማበላሸት ነው።

ሜዳ ላይ መለማመጃ ከፈለግክ ደግሞ ኃይሌ በ2001 በፈረንጆቹ የጀመረው ታላቁ ሩጫ አለልህ፣ 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ህዳር አካባቢ። ከፊት ያሉት ሯጮች፣ መሀል ላይ ሚጨፍረው ህዝብ፣ ውሃ ሚያድሉት በጎ ፈቃደኞች፣ ለአንድ ክፍል ተማሪ ሚበቃ ስራ አለው። ቦታ ከፋፍለህ ካሰማራሃቸው በአንድ ቀን ትልቅ ነገር ይወጣል።

---

የሴቶች_ሊግ

መምህር እንደምን አሉ። እኔ ከተመረቅኩ ብዙም አልቆየሁም፣ የተማሪ ዓይን አሁንም አለኝና ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ የሴቶች እግር ኳስ። የወንዶቹ ጨዋታ ላይ ሚዲያው ተሰልፎ ተማሪ ወደ አሰልጣኝ መጠጋት አይችልም። የሴቶቹ ጨዋታ ላይ ግን ከጨዋታው በኋላ ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ውሃ እየጠጡ ያወሩዎታል፣ ደስ ብሏቸው። ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ስትጫወት ስለሷ ረጅም ነገር ማንበብ ፈልጌ በአማርኛ ያገኘሁት ሁለት ሶስት መስመር ዜና ነው። ከማን ሜዳ ነው የወጣችው፣ ማን አሰለጠናት፣ እህቶቿ ምን አሉ፣ ማንም አልፃፈም። እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ልጆች አሁን በየክለቡ አሉ። ተማሪዎችዎ በጋዜጠኝነት መጀመሪያ ስም ሚያወጡት እዛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛ፣ ሴት ተማሪዎችን ስታዲየም ሲልኩ ሁለት ሁለት አድርገው ይላኩ፣ ከመካከላቸውም መሪ ይኑር። የደጋፊው መቀመጫ ውስጥ ገብቶ መቅረፅ ለሴት ልጅ ከባድ ነው፣ ምራቅ ሚተፋ አለ፣ እጅ ሚሰድ አለ፣ እኔም ጓደኞቼም አይተነዋል። ይህን ክፍል ውስጥ በግልፅ ያውሩት፣ ወንዶቹ ተማሪዎችም ይስሙት። አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን እንደሚደወል ከመሄዳቸው በፊት ይታወቅ። ብዙ ጎበዝ ሴቶች ስፖርት ሚጀምሩትና ሚተዉት እዛች የመጀመሪያዋ ቀን ላይ ነው።

አቀራረቡንም በተመለከተ ሴት ተጫዋች ስትጠየቅ «መቼ ነው ምታገቢው?» ሚባል ጥያቄ ይቅር። ስለ አጨዋወቷ ይጠይቋት።

---

ሜሪላንድ_ሰንበት

ከውጪ ሆኜ ላዋጣ። እኛ ጋ በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ አካባቢ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር አለ፣ በፈረንጆቹ ከ1984 ጀምሮ በየከተማው እየዞረ ሚደረግ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፣ ጥሩ እቃ አላቸው፣ ግን አማርኛቸው ለቃለ መጠይቅ አይበቃም። ድሮ ለብሄራዊ ቡድን የተጫወቱ ትልልቅ ሰዎች ዳር ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠው እያየን ታሪካቸው ሳይቀዳ እያለፈ ነው። መምህር ተማሪዎችህ በኦንላይን ጥያቄ አዘጋጅተው፣ እዚህ ያሉት ቀርፀው፣ እናንተ ጋ ኤዲት ቢደረግ እኔ በበኩሌ ማስተባበር እችላለሁ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፣ ሰዎቹ እያረጁ ነው።

---

መምህር_ከክፍለሀገር

እግዜር ይስጥልኝ፣ በዚህ ደረጃ ይመለስልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። በቋንቋ ማደራጀቱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር፣ ክፍሌ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ሚናገሩ ልጆች አሉ። ሜሪላንድ በውስጥ መስመር እፅፍልሃለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንዱ ውጤት አሰጣጡ ነው። ሌላው ደግሞ የከተማው ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደሩ ስለሆነ ልጆቹ ሽንፈት ወይ የደሞዝ መዘግየት ቢዘግቡ ክለቡ በር ይዘጋባቸዋል ብዬ እሰጋለሁ። ከዛ በተጨማሪ የክለብ ሰዎች «ለትራንስፖርት» ብለው ብር ሲሰጡ ተማሪ እንዴት ነው መመለስ ያለበት? ይሄ በየቦታው አለ መሰለኝ።

---

ዴስክ_አዳሪ

ከብሩ ልጀምር። አይቀበሉም፣ አለቀ። ተማሪ ሆኖ 300 ብር የተቀበለ ልጅ ስራ ይዞ ስለዛ ክለብ ደሞዝ መዘግየት መፃፍ አይችልም፣ እጁ ታስሯል። የትራንስፖርቱን ዲፓርትመንቱ ይሸፍን፣ ካልቻለ በእግር ሚደረስበት ቦታ ይመረጥ። እንዴት እንቢ እንደሚሉ ራሱ ክፍል ውስጥ ይለማመዱት፣ ትልቅ ሰው ኪስህ ውስጥ ብር ሲከትልህ «ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ግን መምህራችን ከልክሎናል» ማለት ይቀላል፣ በአንተ ያላክኩ ግዴለም። የቁማር ቤቶችም እንዲሁ ናቸው፣ ልጆቹ የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ተከታይ ሲያገኙ መጀመሪያ ሚመጣው ማስታወቂያ እሱ ነው። በተማሪ ቻናል ላይ እንዳይገባ ከወዲሁ ይፃፍ።

የክለቡ ጉዳይ፣ ሽንፈት ስለተዘገበ ሚዘጋ በር የለም፣ ሚዘጋው ሲሳሳቱበት ነው። ደሞዝ ያህል ነገር ሲሆን ግን ተጫዋች ነገረን ብቻ አይበቃም፣ ቢያንስ ሁለት ሰው ለየብቻ ይናገር፣ ወረቀት ካለ ይታይ፣ ከዛ ለክለቡ ስራ አስኪያጅ ጥያቄው በፅሁፍ ተልኮ መልስ መስጫ ቀን ይሰጠው። መልስ ካልሰጠም ተጠይቆ እንዳልመለሰ ይፃፋል። ተጫዋቹ ስሜን አትጥቀስ ካለ አይጠቀስም፣ ኮንትራቱ ነው እንጀራው። እንዲህ አይነቱን ታሪክ ከመውጣቱ በፊት አንተ ራስህ አንብበው፣ ኃላፊነቱ የተማሪው ብቻ መሆን የለበትም።

ውጤት፣ እኔ ብሆን ስም የተሳሳተበትን ስራ ውጤት ሳልሰጥ እመልሰዋለሁ፣ ምንም ያህል ቢያምር። ከዛ ውጪ ግማሹን ውጤት ሜዳ ላይ ለተሰራው እሰጣለሁ፣ ማለትም ከማስታወሻ ደብተሩ፣ ካልተቆረጠው ቀረፃ፣ ካነጋገራቸው ሰዎች ዝርዝር። ያለቀው ቪዲዮ ብቻ ከታየ ኤዲቲንግ ሚችለው ልጅ ሁሌ አንደኛ ይወጣል፣ ሰው ማናገር ሚችለው ይቀራል። ሌንስ ፒያሳ በደብተሩና በስልኩ አብሮ መጀመር ላይ ያለው ነገር አሳምኖኛል፣ እንደዛ ይሁን። በቡድን ሲሰሩ ደግሞ ስራውን በየሳምንቱ አቀያይራቸው፣ የፃፈው ይቅረፅ፣ የቀረፀው ኤዲት ያድርግ፣ አለበለዚያ ሴቶቹ ፅሁፍ ላይ ወንዶቹ ካሜራ ላይ ሆነው ሴሚስተሩ ያልቃል።

ስራው የት ይውጣ ለሚለው፣ የክፍሉ የሆነ አንድ ቴሌግራም ቻናልና አንድ ዩቲዩብ ይበቃል። ስህተት ሲገኝ አጥፍተው ዝም እንዳይሉ፣ እርማት ብለው ከቀኑ ጋር ይለጥፉ። ደግሞ ከሩቅ ሚሆነውንም ይስሩበት፣ ዋልያዎቹ ከ2014 ጀምሮ ለዓመታት የሜዳቸውን ጨዋታ ሰው ሀገር ነበር ሚጫወቱት፣ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው እንኳን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ተማሪ ማላዊ መሄድ አይችልም፣ ግን የከተማችሁ ሻይ ቤት ውስጥ ያ ጨዋታ እንዴት ታየ ሚለውን ከሱ በቀር ሚዘግበው የለም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ሁሉም የቆመበትን ሻይ ቤት ይዞ ይውጣ።

---

መምህር_ከክፍለሀገር

በጣም አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለክለቡና ለስፖርት ቢሮው ሚገባ የፈቃድ ደብዳቤ ከነገ ጀምሮ ላፅፍ ነው። ናሙና ያለው ሰው ካለ ቢልክልኝ።

---

የሴቶች_ሊግ

መምህር እኔ ጋ አለ፣ በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ። ሶስት ነገር ብቻ ይጨምሩበት። የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር ከነመታወቂያ ቁጥራቸው አባሪ ይሁን፣ በር ላይ ጥበቃው ሚጠይቀው እሱን ነው። ፈቃዱን ለአንድ ጨዋታ ሳይሆን ለሙሉ ሴሚስተሩ ይጠይቁ፣ በየሳምንቱ ማህተም ፍለጋ መሮጥ ልጆቹን ያሰለቻል። የሴቶቹን ቡድን ደግሞ በስም ይጥቀሱት፣ «የክለቡ ልምምድ» ብቻ ካሉ ለወንዶቹ ነው የተፈቀደው ብለው ይመልሷችኋል።